ማሚቶው የት ይግባ? የጊታር አምፕሊፋየር የኢፌክት ሉፕ አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በብዙ የጊታር አምፕሊፋየሮች ጀርባ ላይ ስለሚገኙ ሁለት ቀዳዳዎች ነው። በአንደኛው ሥር «ሴንድ»፣ በሌላው ሥር «ሪተርን» ተብሎ ተጽፏል። ብዙ ተጫዋቾች እነዚህን ቀዳዳዎች ለዓመታት ሳይነኳቸው ይኖራሉ። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎችም ቢሆኑ ስለ ተጫዋቹ ጣቶች ብዙ ብለው ስለ ሽቦው ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። የማሚቶ ፔዳሉ ተበላሽቷል ብሎ ሊሸጠው የተዘጋጀ ወጣት ወደ ቢሮዬ ሲመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ዕቃው ሳይሆን የገባበት ቦታ ነው። ፔዳል በእኛ አገር ዋጋው ስንት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የጊታር አምፕሊፋየር በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ማሽኖች ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ፕሪአምፕ የሚባለው፣ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ከፍ ያደርጋል፤ የድምፁንም ቀለም ያስተካክላል። ሁለተኛው፣ ፓወር አምፕ፣ ስፒከሩን ለመግፋት የሚበቃ ጉልበት ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከሊዮ ፌንደር የካሊፎርኒያ ፋብሪካ የወጡት አምፕሊፋየሮች በእነዚህ ሁለት ክፍሎች መካከል በር አልነበራቸውም። የፌንደርን ቤዝማን መሠረት አድርጎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምዕራብ ለንደን ውስጥ በጂም ማርሻል ሱቅ የተሠራው ጄቲኤም 45ም እንዲሁ ነበር። ማሚቶ የፈለገ ሰው የቴፕ ማሽኑን በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ይሰካ ነበር። አምፕሊፋየሩ በጥራት እስከሚሠራበት ልክ ድረስ ይህ ችግር አልፈጠረም።

ችግሩ የመጣው ሻካራው ድምፅ ራሱ ተፈላጊ በሆነ ጊዜ ነው። ሁለት ነገሮች በአንድነት ይከሰታሉ። አንደኛ፣ አዲሱ ኖታና የቀደመው ኖታ ማሚቶ በአንድ ሻካሪ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ፣ በጊታሩ ላይ ማንም ያልመታቸውን ሌሎች ድምፆች ይወልዳሉ፤ ጆሮ ይህን እንደ ጭቃ ይሰማዋል። ሁለተኛ፣ የሻከረ አምፕሊፋየር ትልቁን ምልክት ይቆርጣል፤ ትንሹን ግን ያሳድጋል። ስለዚህ እየከሰመ መሄድ የነበረበት ማሚቶ ከዋናው ኖታ እኩል ሆኖ ይወጣል። የገደል ማሚቶ እንደዚያ አይመልስም።

የኩዊኑ ብራያን ሜይ በ1970ዎቹ ለዚህ የሰጠው መልስ በጣም ያስደንቀኛል። ዋናውን ድምፅ ለአንድ ቮክስ ኤሲ30፣ ማሚቶዎቹን ደግሞ ለየራሳቸው ሌላ ኤሲ30 አከፋፈላቸው። እያንዳንዱ ድምፅ ብቻውን ስለሚሻከር አንዱ ሌላውን አይበክልም። ውብ መፍትሔ ነው፤ ግን ብዙ አምፕሊፋየርና ብዙ ተሸካሚ ይጠይቃል።

በዚያው ዘመን ሻካራው ድምፅ የሚወለድበት ቦታ ተቀየረ። በሰሜን ካሊፎርኒያ ራንዳል ስሚዝ በቡጊ አምፕሊፋየሮቹ የፕሪአምፑን ደረጃዎች አንዱን በሌላው ላይ ደራረበ። ማርሻልም በ1975 ማስተር ቮልዩም ያለው ሞዴል አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሻካራነቱ በአብዛኛው በፕሪአምፑ ውስጥ ተፈጥሮ ሲያበቃ፣ ፓወር አምፑ የተቀበለውን ማጉላት ብቻ ሆነ ሥራው። እንግዲህ ማሚቶው ከሻካራው በኋላ እንዲመጣ ከተፈለገ መግቢያው በሁለቱ መካከል ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቡጊዎቹም ሆነ በማርሻል ባለ ሁለት ቻናል ጄሲኤም800 ላይ የምናየው ይህንኑ በር ነው። ዘመኑም ረዳው፤ ቦስ ዲዲ-2 የተባለውን ዲጂታል የማሚቶ ፔዳል ያወጣው በ1983 ነበር።

በሩ ተከፈተ፤ ስለ በሩ ስፋት ግን ስምምነት አልነበረም። የስቱዲዮ መሣሪያዎች መደበኛ ልክ 1.23 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ የቤት መሣሪያዎቹ 0.316 ቮልት ገደማ ነው። የወለል ፔዳሎች ደግሞ ለጊታሩ ለራሱ፣ ከዚህም ላነሰ ምልክት የተሠሩ ናቸው። «ሉፑ ድምፄን ገደለው» የሚለው ስሞታ፣ በእኔ ግምት፣ ከግማሽ በላይ የሚመነጨው ከዚህ አለመጣጣም ነው። ምልክቱ ለፔዳሉ ከበዛ ፔዳሉ ራሱ ይሻከራል፤ ካነሰ ደግሞ ሹክሹክታው ይጎላል። ስለዚህ የልክ መምረጫ ማብሪያ ካለ ቸል አትበሉት።

አሠራሩ ከዚህ ታሪክ በቀጥታ ይከተላል። በመጀመሪያ ያለ ምንም ኢፌክት የምትወዱትን ድምፅ አግኙ። ቀጥሎ ሴንድን ከሪተርን ጋር በአንድ አጭር ኬብል አገናኙ፤ ድምፁ መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ ጥፋቱ የፔዳሉ አይደለም። ከዚያ ማሚቶና ሪቨርብ በሉፑ ውስጥ ይግቡ፤ ዋው-ዋው፣ ኮምፕሬሰርና ኦቨርድራይቭ ከፊት ይቆዩ። አንዳንድ ሉፖች ግን ዋናውን ድምፅ በሌላ መስመር አሳልፈው ከኢፌክቱ ጋር በመጨረሻ ይቀላቅላሉ። በእነዚህ ላይ ፔዳሉ ማሚቶውን ብቻ እንዲያወጣ፣ ማለትም ቅልቅሉ መቶ በመቶ እንዲሆን ይደረጋል። አለዚያ ሁለት ዋና ድምፆች ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ክፍል ይሰርዛል፤ ድምፁም ይሳሳል።

አሮጌ አምፕሊፋየራቸውን ይዘው «ሉፕ ይቀጠልልኝ» የሚሉ አሉ። ሁለት ምክንያት አቀርብላቸዋለሁ። የቲዩብ አምፕሊፋየር ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ገዳይ ቮልቴጅ ሊይዝ ስለሚችል፣ ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም ሊከፍተው አይገባም። ሁለተኛው ምክንያት ታሪካዊ ነው፤ የእነዚያ ማሽኖች ተወዳጅ ሻካራነት በብዛት የሚወለደው ከፓወር ቲዩቦቹ፣ ማለትም ሉፑ ከሚቀመጥበት ቦታ በኋላ ነው። ስለዚህ ማሚቶው ከመሻከር አያመልጥም። ለእንዲህ ዓይነቱ አምፕሊፋየር የቀረጻ ባለሙያዎች ከቀድሞ ጀምሮ የያዙት መንገድ ይሻላል። ማይክሮፎን ከስፒከሩ ፊት ይቆማል፤ ማሚቶው ደግሞ በሚክሰሩ ላይ ይጨመራል።