የአራዳ የእጅ ሥራ ቤቶች

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአምቦ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚገባ ነጋዴ መድረሻው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ነበረ። አንጥረኛው ጠገራ ብር አቅልጦ መስቀልና ሐብል ሲሠራ፥ ልጁ ወናፍ እየነፋ ሙያውን ከአባቱ ይቀበል ነበር። ሰው ግን መስቀሉን በአንገቱ እያሰረ ሠሪውን «ቀጥቃጭ» እያለ ይንቀው ነበርና፥ ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ።

ኢጣሊያ በ1928 ዓመተ ምሕረት ከተማውን ከያዘ በኋላ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የተባለው ይህ ነው። አራዳም ፒያሳ ተባለ፤ የወርቅ ቤቶቹ ግን ከዚያ አልጠፉም።

በ2016 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ለከተማ ልማት ሲባል በፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈረሰ፤ ብዙው ነዋሪም ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። ለፈረሰ ቤት ምትክ ቤት ይገኝ ይሆናል፤ ደጁን የሚያውቅ ደንበኛና በዱቤ የሚሰጥ ጎረቤት ግን በምን ይተካል? የአባቱን ሱቅ ያጣው ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ ቢሄድም፥ ሥራ የሚያዝዘው ሰው እስከዚያ ድረስ ፈልጎት መምጣት አለበት።