ስለ ኮንትራት ፊዚዮቴራፒስቶች ኃላፊነትና ኢንሹራንስ፤ መቀሌን መነሻ በማድረግ የቀረበ አጭር ታሪካዊ ጥናት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ይኸውም አንድ ድርጅት ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት የሚልከው የሕክምና ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ በሽተኛ ቢጎዳ፥ ወይም ራሱ ቢጎዳ፥ ካሣውን የሚከፍለው ማነው? የሚል ነው። ጥያቄው የሕግ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ነገር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከተካሄደው ጦርነት በኋላ እጁና እግሩ የተጎዳው ሕዝብ በበዛበት በመቀሌ ከተማ የዕለት ጉዳይ ነው። በከተማይቱ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዓይደር ሆስፒታል ይገኛል። በትግራይ የጦር ጉዳተኞች ማኅበር የተቋቋመና በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲረዳ የቆየ የአካል ድጋፍና የፊዚዮቴራፒ ማዕከልም አለ። ሥራው ሲበዛ ቋሚው ሠራተኛ አይበቃም፤ ያን ጊዜ የኮንትራት ሠራተኛ ይፈለጋል።

በቀድሞው ዘመን የተሰበረና የተወለቀ አካል የሚጠገነው በወጌሻ ነበር። ወጌሻው የሰፈር ሰው ስለ ሆነ ቢሳሳት ነገሩ በሽማግሌ ይታያል እንጂ የሚከስሰው ድርጅት የለም። ችግር ሲደርስ ደራሽ የነበረው ዕድር ነው። ነገር ግን ዕድር ቀባሪና አጽናኝ ነው እንጂ የአባሉን የሙያ ጥፋት የሚክስ አይደለም። ስለዚህ ዕድርን «የአገራችን ኢንሹራንስ» የሚሉ ሰዎች በከፊል ብቻ ትክክል ናቸው፤ መዋጮው ለሐዘን የተሰበሰበ እንጂ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተጠራቀመ አይደለም።

ዘመናዊው ኢንሹራንስ ወደ አገራችን የገባው በንግድ በኩል ነው። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ኩባንያ በአገር ውስጥ ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. አሥራ ሦስት ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ፤ የግል ኩባንያዎች እንደገና የተፈቀዱት በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 86 ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ኢንሹራንስ በመጀመሪያ የጠበቀው ዕቃን ነው፤ ሰውን መጠበቅ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ለጥያቄያችን መሠረት የሆነው በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በአንቀጽ 2647 መሠረት ሐኪም በጽሑፍ ካልተዋዋለ በቀር ለመፈወስ ዋስ አይሆንም፤ የሚጠየቀው የሙያውን ደንብ ተላልፎ ሲያጠፋ ነው። አንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ድርጅት የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ለሚያደርሱት ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ነገር ግን በአንቀጽ 2134 መሠረት በአሠሪው ሥልጣን ሥር ሳይሆን ነጻነቱን ጠብቆ የሚሠራ ሰው ለሚፈጽመው ጥፋት አሠሪው አይጠየቅም። እንግዲህ ክርክሩ የሚነሣው በእነዚህ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ነው።

የሠራተኛው ሕግም ይኸው ስንጥቅ አለበት። ከአዋጅ ቁጥር 64/1968 ጀምሮ የተከታተሉት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ዛሬ በሥራ ላይ እስካለው እስከ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደርሰዋል። በዚህ አዋጅ አሠሪው ባያጠፋም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሆኖም አንቀጽ 3 በራሱ የሙያ ኃላፊነት ለዋጋ የሚሠራውን ሰው ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። በሌላ በኩል በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104፥ በኋላም በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 632 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን ሥራ ደንግገዋል። ከዚህ በኋላ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ሦስተኛ ሰው ገባ ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ፊዚዮቴራፒስት በኤጀንሲ በኩል ለሦስት ወር ተዋውሎ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ እንበል። ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ጉልበት ያለ ጊዜው አጥፎ በሽተኛውን ጎዳው። ክሊኒኩ «ሠራተኛዬ አይደለም» ይላል፤ ኤጀንሲው «ያዘዘው ክሊኒኩ ነው» ይላል። የክሊኒኩ የኢንሹራንስ ውል ቋሚ ሠራተኞችን ብቻ የሚጠቅስ ከሆነ ባለሙያው ብቻውን ይቀራል፤ በሽተኛውም ደመወዝተኛ ወጣት ከስሶ የሚያገኘው ነገር አይኖርም። ከዚህም ሌላ ውሉ በሦስት ወር ቢያልቅም ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በአንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ከኮንትራቱ ጋር አብሮ የሚሞት ኢንሹራንስ ግማሽ ጥበቃ ነው።

በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 ባለ መኪና ሁሉ ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲገባ አስገድዷል። በመኪና ለተሰበረው እግር ዋስ ከተፈለገ፥ ያንኑ እግር ለሚያቃናው እጅ ዋስ መፈለግ የሚያስደንቅ አይደለም። የንግድ ሕጉ ሆነ ተብሎ የሚፈጸምን ጥፋት ከኢንሹራንስ ውጭ ስለሚያደርግ «ኢንሹራንስ ባለሙያውን ቸልተኛ ያደርገዋል» የሚለው ሥጋት በከፊል መልስ አግኝቷል።

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ መስፈር አለባቸው። አንደኛ፥ ባለሙያው በማን ትእዛዝ ሥር እንደሚሠራ፤ ሁለተኛ፥ የኢንሹራንስ ውሉ የኮንትራት ሠራተኞችን ጭምር እንደሚጠቅስ፤ ሦስተኛ፥ ውሉ ካለቀ በኋላ ለሚቀርብ ክስ ጥበቃው እንደሚቀጥል ነው። በጦርነቱ ዘመን የመቀሌ የሕክምና ሠራተኞች ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በሰላም ጊዜ በአንድ ስሕተት ብቻውን እንዲወድቅ መተው ፍትሕ አይደለም፤ የተጎዳውን በሽተኛ ባዶ እጁን መሸኘትም እንደዚሁ ነው።