ኤቢኤስ ፍሬን በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ መግጠም

ኤቢኤስ ሾፌሩ ፍሬን በድንገት አጥብቆ ሲረግጥ ጎማው ቀጥ ብሎ እንዳይንሸራተት የሚከላከል ሥርዓት ነው። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ሥርዓቱ ከፋብሪካ ሳይገጠምላቸው የወጡ አሮጌ ተሽከርካሪዎችን ነው፤ በተለይም ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ደብረ ወርቅና ሞጣ በሚዘልቀው መንገድና በአባይ በረሃ ቁልቁለት የሚመላለሱትን። ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ በማርያም ቤተ ክርስቲያኗም ትታወቃለች።

አሠራር

በየጎማው ማዞሪያ ላይ የጥርስ ቀለበት አለ፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሴንሰር የጥርሶቹን እልፈት ይቆጥራል። አንደኛው ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት ሊቆም ሲል ኮምፒውተሩ ለዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት ቀንሶ እንደገና ይለቅቃል፤ ይህም በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ይፈጸማል። ሾፌሩ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው ለዚህ ነው። ዋናው ጥቅም መሪው ነው፤ የቆመ ጎማ መሪ አይታዘዝም፣ የሚሽከረከር ጎማ ግን ይታጠፋል።

አመጣጥ

ኤቢኤስን «የፈለሰፈው» ማን ነው የሚለው ጥያቄ እስካሁን ያከራክራል። መልሱም ፈጠራው የአውሮፕላን ነው፣ የመኪና ነው ወይስ የኤሌክትሮኒክስ ነው በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። በብዛት የሚጠቀሰው የመጀመሪያ ስም ፈረንሳዊው ጋብሪኤል ቮይዘን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለአውሮፕላን ጎማ እንዲህ ያለ ዘዴ እንደሞከረ ይጻፋል። ጀርመኖች በበኩላቸው በ1928 ካርል ቬሰል ስለተቀበለው የፈጠራ መብት ያነሣሉ፤ የቦሽ ኩባንያም በ1936 ተመሳሳይ መብት አስመዝግቧል። ሁለቱም በወረቀት ላይ የቀሩ ሥራዎች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ በዘመኑ ሐሳቡን በፍጥነት የሚያስፈጽም መሣሪያ አልነበረም።

በሥራ ላይ ውሎ የታየው የእንግሊዙ ደንሎፕ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ማክሳሬት ነው። ኮምፒውተር የለውም፤ ከጎማው ጋር የሚሽከረከር ትንሽ ከባድ ጎማ በራሱ ጉልበት ቫልቭ ይከፍታል፣ ይዘጋል። በአውሮፕላን ላይ ስኬታማ የሆነው በረጅምና እርጥብ ማረፊያ ላይ ጎማ መፈንዳትን ስለሚከላከል ነበር። በዚህ ሲታሰብ በኢትዮጵያ መሬት ላይ መጀመሪያ የተሽከረከረው ቀጥ የማይል ጎማ የመኪና ሳይሆን የአውሮፕላን ሳይሆን አይቀርም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የገዛው ቦይንግ 720ቢ እንዲህ ያለ ፍሬን ነበረው።

ወደ መኪና ሲመጣ ጄንሰን ኤፍኤፍ የተባለው የእንግሊዝ መኪና በ1966 ማክሳሬትን ይዞ ለገበያ ቀረበ። በ1971 ክራይስለር ኢምፔሪያል በተባለው ሞዴሉ ላይ ከቤንዲክስ ጋር የሠራውን ባለ አራት ጎማ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት አቀረበ። ጣሊያኖች ደግሞ የቱሪኑን መሐንዲስ ማሪዮ ፓላዜቲን ያስቀድማሉ፤ በፊያት የምርምር ማዕከል የሠራው ሥራ ኋላ ወደ ቦሽ እጅ እንደገባ ይነገራል፣ በአገሩም «ሚስተር ኤቢኤስ» ይሉታል። ይህ ክርክር ለእኛ አገር አንባቢ ሩቅ አይደለም። ለብዙ ዓመታት የአባይን ቁልቁለት እህልና ሸቀጥ ጭኖ የወጣና የወረደው «ኤን ትሬ» የሚባለው ከባድ መኪና የዚሁ የፊያት ሥራ ነበር፤ ከነጓዙ ሲወርድ ግን ያዳነው ኤቢኤስ ሳይሆን የሾፌሩ ማርሽ አመራረጥ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ሥርዓት ከነስሙ በስፋት የታወቀው ቦሽና መርሴዲስ ቤንዝ በነሐሴ 1978 እ.ኤ.አ. ለኤስ ክላስ ሲያቀርቡት ነው። የስሙ ሦስት ፊደላት የመጡት ከጀርመንኛው ቃል ነው። በዚህ አጠናቃሪ አመለካከት ለቦሽ የሚገባው ክብር የመጀመሪያነት ሳይሆን ነገሩን ዕለት በዕለት የሚታመን ማድረጉ ነው።

አሮጌ መኪኖች ለምን ይበዛሉ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አስቀድሞ የገባው መኪና ስለዚህ ዕድሜው ይረዝማል፣ ይጠገናል፣ ይሸጣል፣ እንደገና ይጠገናል። «ዲኤክስ» የሚባለው የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሮላ ዛሬም መንገድ ላይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አገጣጠም

ኤቢኤስ ተገዝቶ የሚሰካ አንድ እቃ አይደለም። ጥርስ ያለው ማዞሪያ፣ አራት ሴንሰር፣ ፓምፕና ቫልቮች የያዘው ሳጥን፣ ኮምፒውተሩ፣ የሽቦው ገመድ በሙሉ፣ ብዙ ጊዜም የፍሬን ማስተሩና የብረት ቱቦዎቹ በአንድነት ይለወጣሉ። በአሮጌው መኪና ላይ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ካለ አዲሱ ሥርዓት ራሱ ያንን ሥራ ስለሚሠራ ይነሣል ወይም በአምራቹ ሥዕል መሠረት ይስተካከላል።

ተቀባይነት ያለው መንገድ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያው ቤተሰብ ኤቢኤስ ተገጥሞለት ከወጣ መኪና ሙሉውን ነቅሎ ማዛወር። ለዚህ የሚመቹት አንዱ ኤቢኤስ ኖሮት ሌላው ሳይኖረው የተሸጡ ሞዴሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ኮሮላዎች ከእነዚህ ይመደባሉ፤ ሞተርና ሻሲያቸው የሚመሳሰል በመሆኑ የጎማ ማዞሪያው ያለ ብየዳ ቦታው ይገባል። «ዲኤክስ» ግን እንዲህ ያለ ወንድም የለውም። ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒውተር የተስተካከለው ለዚያ መኪና ክብደት፣ ለጎማው ስፋትና ለሁለቱ አክስል ርቀት ነው፤ በሌላ መኪና ላይ ሲውል የሚለቅቀው ግፊት ሊያንስ ወይም ሊበዛ ይችላል። ፍሬን ደግሞ የሙከራ ቦታ አይደለም።

እቃው በአብዛኛው የሚፈለገው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ገዢው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር ሽቦው ተቆርጦ የመጣ ሳጥን ነው፤ ኤሌክትሪሺያኑ ቀለም ከቀለም እያመሳሰለ መቀጠል ቢችልም የሴንሰር ሽቦ መጋጠሚያው ትንሽ ዝገት ከያዘው የሚልከው ምልክት ይዛባል። ከተገጠመ በኋላ አየሩን ማስወጣትም እንደ ድሮው ፔዳል በመርገጥ ብቻ ላያልቅ ይችላል፤ በአንዳንድ ሞዴል ፓምፑን በኮምፒውተር መመርመሪያ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ኤቢኤስ ያልሆነ «ኤቢኤስ»

በአሜሪካ በ1990ዎቹ በፍሬን ቱቦ ላይ የሚሰካ ትንሽ እቃ «በማንኛውም መኪና ላይ የሚገጠም ኤቢኤስ» ተብሎ ተሸጧል። ውስጡ ግፊትን የሚያለዝብ ላስቲክ ወይም ሞላ እንጂ ጎማው ቆመ አልቆመ የሚያውቅ ሴንሰር አልነበረውም። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ብሬክ ጋርድ የተባለውን አምራች ከሶ በ1998 ማስታወቂያው ሐሰት መሆኑን ወሰነ። መለያው ቀላል ነው፤ በጎማው ላይ ሴንሰር የሌለው ነገር ኤቢኤስ አይደለም።

የአባይ በረሃና ሙቀት

ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙም እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ ወገን ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተከፍቷል። ገደሉ ግን ዛሬም አስፋልቱን እያሸሸ ይሰነጣጥቀዋል።

ሦስት ቶን የሚመዝን የተጫነ ሚኒባስ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚጥለው ጉልበት ሁሉ በፍሬን ቢያዝ፣ የሚወጣው ሙቀት ከ80 ሊትር በላይ ውሃ ከክፍል ሙቀት አንሥቶ ያፈላል። ሸራው የሚሸተው፣ ታምቡሩ ሰማያዊ የሚሆነው በዚህ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ ውሃ ለያዘው የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 140 ብቻ ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎትም ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርድና ፍሬኑ እምቢ ይላል። እዚህ ላይ ኤቢኤስ ምንም አያደርግም። ሥራው የበዛ ግፊትን መቀነስ ነው፤ የጠፋ ግፊትን አያመጣም። ለቁልቁለቱ የሚበጀው በከባድ ማርሽ መያዝ፣ በፎሌ ፈጽሞ አለመውረድና ዘይቱን በጊዜው መለወጥ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በደጀን ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። የፔዳል ማገዣው የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ ሾፌሩ በደጋው ላይ ያንኑ ፍሬን ለማግኘት ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይኖርበታል።

ጠጠርና ጭቃ

በላላ ጠጠር ላይ የቆመ ጎማ ከፊቱ ጠጠር ይከምርና እንደ ሽብልቅ ያቆመዋል። ኤቢኤስ ያንን ስለማይፈቅድ መኪናው ለመቆም የበለጠ ርቀት ሊፈጅ ይችላል። ከአስፋልት ወደ ቀበሌ መንገድ የሚገባ ሾፌር ይህን ማወቅ አለበት፤ በምትኩ መሪው በእጁ ይቀራል፣ በመንገድ ላይ የቆመችን በግ ወይም ከገበያ የሚመለስን ሰው ማለፍ ይችላል።

በክረምት ያለው ችግር ሌላ ነው። የጎጃም ጥቁር አፈር ሲረጥብ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ከክረምት በኋላ ማዞሪያው ሲፈታ በቀለበቱ ጥርሶች መካከል አፈሩ እንደ ሸክላ ተጋግሮ ይገኛል፤ ሴንሰሩ ከጥርሱ የሚርቀው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ ጫፉም ተሸፍኖ ይታያል። በእንጨት ተፍቆ፣ በውሃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ሲደርቅ በዳሽቦርዱ ላይ በርቶ የቆየው የኤቢኤስ ማስጠንቀቂያ መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ለመፋቂያ መዶሻና መሮ ማንሣት ግን ጥርስ ይሰብራል።

አራቱም ጎማ አንድ ቁጥር መሆን አለበት። በአንድ አክስል ላይ አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀና በቁጥር የተለየ ጎማ ከተገጠመ ፍጥነታቸው ስለሚለያይ ሥርዓቱ ሊሳሳት ይችላል።

የአደጋ ጥናቶች

በ1980ዎቹ በሙኒክ ታክሲዎች ላይ የተካሄደው ጥናት ኤቢኤስ ያላቸውን ከሌላቸው አነጻጽሮ የአደጋው ቁጥር እንዳልቀነሰ፣ ባለ ኤቢኤሶቹ ሾፌሮችም በድፍረት ይነዱ እንደነበር አሳየ። በ2009 የታተመው የአሜሪካ መንግሥት ግምገማ ደግሞ በቤት መኪኖች ላይ ሞት ያላስከተለ አደጋ 6 በመቶ ያህል እንደቀነሰ፣ በገዳይ አደጋ ላይ ግን ድምር ውጤቱ ወደ ዜሮ እንደሚጠጋ ደምድሟል።

ከባድ መኪና

በአየር ፍሬን ለሚሠሩ ከባድ መኪኖችና ተሳቢዎች ኤቢኤስ መግጠሙ ይቀላል፤ በኋላ ለመግጠም ተብለው የሚሠሩ ሙሉ ስብስቦች አሉ።

ሕግ

ፍሬኑ እንዲህ የተለወጠ መኪናም የሚያልፍበት የዓመታዊ ምርመራና የቦሎ ሕጋዊ መሠረት የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው።

ባለ ኤቢኤስ አሮጌ መኪና ሲገዛ

ቁልፉ ሲዞር በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤቢኤስ መብራት በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ሊጠፋ ይገባል። በርቶ ከቀረ ሥርዓቱ ራሱን ዘግቷል ማለት ነው፤ ተራው ፍሬን ይሠራል፣ መከላከያው ግን የለም። ጨርሶ ካልበራ ደግሞ የበለጠ ያጠራጥራል፤ አምፖሉ ወጥቶ ወይም ሽቦው ከሌላ መብራት ጋር ታስሮ ሊሆን ይችላል። ገዢው ሻጩን አስፈቅዶ ሰው በሌለበት እርጥብ መንገድ ላይ በዝግታ እየነዳ አንድ ጊዜ አጥብቆ ይርገጥ፤ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ካልተንቀጠቀጠና ጎማው ቀጥ ብሎ ከተንሸራተተ ኤቢኤሱ አይሠራም።