ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። በዚያው አንደበታቸው ደግሞ «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውኃም ይቆማል» ይሉ ነበር። ሁለቱ ምሳሌዎች በአንድ ቤት ተስማምተው ሊያድሩ አይችሉም፤ ወይ ንጉሡ ይከሰሳል፣ ወይ ውኃው አይቆምም። ይህን ሙግት ከኛ እጅግ ርቃ የምትገኘው አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2003 በችሎት ፊት አቅርባ አይታዋለች።

ነገሩ የተባባሰው በባሕር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2001 ታምፓ የተባለች የኖርዌይ መርከብ ከመስጠም ያዳነቻቸውን ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ይዛ ወደ ክሪስማስ ደሴት ተቃረበች። አብዛኞቹ አፍጋናውያን ነበሩ። የጆን ሃዋርድ መንግሥት ግን በግዛቱ እንዳይወርዱ ከለከለ። በመስከረም መጨረሻም ምክር ቤቱ የስደት ሕጉን አጠበቀ። አንቀጽ 474 የጥበቃ ቪዛን መከልከልን ጨምሮ በሕጉ መሠረት የሚሰጥ ውሳኔ የመጨረሻ እንደሆነና በየትኛውም ፍርድ ቤት ሊነቀፍ እንደማይችል ደነገገ። መንግሥት በበኩሉ ክርክሩ ማለቂያ አጥቷል፤ ብዙዎች የሚከሱት የመቆያ ጊዜያቸውን ለማራዘም ነው ይል ነበር።

ይህን አንቀጽ የተሟገተውን ሰው በስሙ አናውቀውም። ፍርድ ቤት የጥበቃ ቪዛ ጠያቂን ስም እንዳያወጣ ሕጉ ስለሚከለክል፣ በታሪክ የቀረው «ከሳሽ ኤስ157/2002» በሚል ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ቅሬታው አጭር ነበር፦ ጉዳዩን የገመገመው ጉባኤ እርሱን የሚጎዳ ጽሑፍ ተመልክቶ፣ ጽሑፉን ሳያሳውቀውና መልስ እንዲሰጥበት ዕድል ሳይሰጠው ፈረደበት።

የአገሪቱ የመጨረሻ ችሎት የሆነው ከፍተኛው ፍርድ ቤት የካቲት 4 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) ፍርዱን ሰጠ። ዳኞቹ የተመረኮዙት ከ1901 ጀምሮ በጸናው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 75 አምስተኛ ንኡስ ክፍል ላይ ነው። ይህን ክፍል ያሰበበት የታዝማኒያው ሕግ ዐዋቂ አንድሩ ኢንግሊስ ክላርክ ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሹም በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሊከሰስ እንዲችል ያደርጋል። ምክር ቤት በተራ ሕግ ሊነጥቀው አይችልም።

ሥነ ጽሑፍ ወዳድ ልብ ሊለው የሚገባው የአነባበባቸውን ጥበብ ነው። አንቀጹን አልሻሩትም፤ ቃሉን አጥብቀው አነበቡት። ሕጉ የሚከልለው «በዚህ ሕግ መሠረት የተሰጠ» ውሳኔን ነው። የሥልጣኑን ወሰን አልፎ የተሳሳተ ሹም የሰጠው ውሳኔ ግን በሕጉ መሠረት የተሰጠ አይደለምና ከለላው አይደርሰውም። ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ እንዲህ ያለ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ም ያው ችሎት ክሪስማስ ደሴት ላይ ጉዳያቸው የታየ ሁለት የስሪላንካ ታሚሎች በአግባቡ እንዳልተሰሙ ወስኗል።

ነገር ግን ድሉ ልክ አለው። ዳኛው ስደተኛው እውነተኛ ስደተኛ ነው ወይስ አይደለም ብሎ አይፈርድም፤ ቪዛም አይሰጥም። ስሕተት ካገኘ ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይመልሰዋል። የተመለሰለት ሰው በሕጋዊ መንገድ ተሰምቶ ዳግም እምቢ ሊባል ይችላል። ለብዙዎች የዓመታት ጥበቃ ፍሬ ይኸው ብቻ ነው፤ ይሁንና ወደ አገሩ ቢመለስ ሞት ይጠብቀኛል ብሎ ለሚፈራ ሰው፣ አንድ ጊዜ በቅጡ መደመጥ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንቀጽ 474 ዛሬም በሕጉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ባለጉዳዮችም፣ ስማቸው በፊደልና በቁጥር ተተክቶ፣ ዛሬም በየችሎቱ ሹሙን ይከሳሉ።