እናቴ ከሚፈርሰው ቤት ያወጣቻቸው ሦስት ዕቃዎች

ዛሬ ስለ ፓርቲና ስለ ምርጫ ሳይሆን ስለ አንድ ጀበና፣ ስለ አንድ ጀሪካንና ስለ አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ፖለቲካው ሰልችቶት ጓዳ ገባ» የሚለኝ ቢኖር አልቀየምም። እስከ መጨረሻው ከታገሠኝ ግን በጓዳችን ያለው ፖለቲካ በአደባባዩ ካለው እንደማያንስ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ ነባር ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ተወልጄ ያደግሁበት ዶሮ ማነቂያም አብሮ ፈረሰ። ዕቃ ለመሰብሰብ የነበረን ጊዜ አጭር ነበርና እኔ እንደ ተማረ ሰው ወደ መጻሕፍቴና ወደ ትምህርት ማስረጃዎቼ ሮጥሁ። እናቴ ግን መጀመሪያ ጀበናዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘች። ቀጥላ ቢጫውን ጀሪካን አነሣች። በመጨረሻም ከጎረቤት መዶሻ ተውሳ በራችን ላይ ተመትቶ የኖረውን የቤት ቁጥር ነቀለች።

«እማዬ፣ ቤቱ ከፈረሰ ቁጥሩ ምን ያደርግልሻል?» አልኋት።

«ነገ እዚህ ነበርን ስንል ማን ያምነናል?» አለችኝ።

ራሴን ከታሪክ አንባቢዎች ወገን የምቆጥር ሰው ነኝ። ስለ ዐድዋና ስለ የካቲት 66 ሌሊቱን ሙሉ ብከራከር አይደክመኝም። ስለነዚያ ሦስት ዕቃዎች ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር እንደማልችል የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና ያጠያየቅሁትን እነሆ።

ከጀበናው ልጀምር። እናቴ የገዛችው ከፒያሳ ሽቅብ ከሚገኘው ከቀጨኔ፣ ከሸክላ ሠሪ ሴቶች እጅ ነው። እነዚህ ሴቶች ጭቃውን ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ያለ ምንም መዘውር በእጃቸው ብቻ ቅርጽ ያወጡለታል፤ አድርቀውና አለስልሰውም በእሳት ይተኩሱታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንመራረቅበት ሥርዓት ያለ እነርሱ እጅ አይታሰብም። ታዲያ ይህን እጅ ምን ብለን ጠራነው? ቡዳ አልነው። ከብረት ቀጥቃጩና ከሸማኔው ጋር አብረን ሰደብነው፤ ጋብቻ ከለከልነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው የታወቀ ነው። አዋጁ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። ማንም ያልሠራውን ጥፋት የሚከለክል አዋጅ አይታወጅምና።

አዋጁ ከወጣ ከሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በእኛው ግቢ የሆነውን ልናገር። ሸክላ ሻጭዋ በራችን ላይ ሸክሟን ስታወርድ፣ እናቴ ሕፃኑን ወንድሜን ዐይን እንዳይበላው ብላ በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ከእናቷ የተማረችውን ነው ያደረገችው። ጀበናውን በነጠላዋ ስትጠቀልል ባየኋት ጊዜ ግን ያ የልጅነት ትዝታ መጣብኝና አንገቴን ደፋሁ። ዕቃውን በነጠላ አቅፈን የምናድን፣ ከሠሪዋ ግን ልጃችንን በነጠላ የምንሸሽግ ሕዝብ ነበርን። ነበርን ስል ዛሬ ፈጽሞ ቀርቷል ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢዬ ያውቃል።

ወደ ጀሪካኑ እንለፍ። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ከየት እንደመጣ ግን አንጠይቅም። ይህ ዕቃ የጦር ሜዳ ልጅ ነው። የጀርመን ጦር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነዳጅ ለማመላለስ ያሠራው ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ነበር። ከላዩ ሦስት እጀታዎች ነበሩት፤ ባዶውን ከሆነ አንድ ወታደር በአንድ እጁ ሁለት እንዲይዝ፣ ሙሉውን ከሆነ ሁለት ሰዎች እንዲጋሩት ታስቦ የተሠራ ነው። እንግሊዞች የራሳቸው ዕቃ እያፈሰሰ ቢያስቸግራቸው በሰሜን አፍሪካ ከጀርመኖች የማረኩትን ተጠቀሙበት፤ አስመስለውም ሠሩት። ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ ነበርና ዕቃውም በዚያው ስም ቀረ። ፕላስቲኩ የመጣው ከጊዜ በኋላ ነው። የእኛ ቤቱ ቢጫ ጀሪካን የገባው የፓልም ዘይት ይዞ ነው፤ ዘይቱ አለቀ፣ ጀሪካኑ ቀረ።

ከእርሱ በፊት የነበረው እንስራ ነው። እንስራ ባዶውንም ከባድ ነው፤ ቢያዳልጥ ይሰበራል፤ ለተሸካሚዋም ወገብ አይራራም። ስለዚህ ጀሪካን የብዙ ሴቶችን ሸክም እንዳቀለለ መካድ አይቻልም። በዚያው ልክ ደግሞ ከሸክላ ሠሪዋ ገበያ አንዱን ትልቅ ዕቃ ነጠቃት። የአንዷ ሴት ዕረፍት የሌላዋ ሴት እንጀራ ሆነ። የዕድገት ታሪክ እንዲህ ያለ ነው፤ በሪፖርት ላይ ግን የሚጻፈው ግማሹ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ዛሬ ያለነው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ ከዕቃዎቻችን ሁሉ በየቀኑ የሚያገለግለን ያ ቢጫ ጀሪካን ሆኗል። መጻሕፍቴ ገና ከካርቶን አልወጡም።

ሦስተኛው የቤት ቁጥሩ ነው። ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ቁራጭ ቆርቆሮ ናት፤ የምትሸከመው ታሪክ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቤተሰቤ ለባለ ቤት ይከፍል የነበረውን ኪራይ ለቀበሌ መክፈል ጀመረ፤ ኪራዩም ቀነሰ። የእናቴ የዚያን ዘመን ደስታ እውነተኛ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ቆጥበው ሁለተኛ ቤት ሠርተው ያጡት የአንድ ጎረቤታችን እንባም እውነተኛ ነበር። ሁለቱም በአንድ አጥር ውስጥ ኖሩ፤ በአንድ ዕድርም ተቀባበሩ።

ቀበሌ ቤት ሰጠ፤ ስኳር በኮታ አደለ፤ መታወቂያ ጻፈ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ወጣቶችን ከየቤታቸው እየለቀመ አሰረ። ሌሊት በር ሲንኳኳ የትኛው ቤት እንደሆነ የሚታወቀው በዚያችው ቁጥር ነበር። ቁጥሩ መጠለያም ቁጥጥርም ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤትነት አልነበረም። ያለ ፈቃድ ማደስ አይቻልም፤ የሰው ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስም ሞኝነት ይመስላል። ቤቶቹ በላያችን አረጁ። ከዚያም «አሮጌ ናቸው» ተብለው ፈረሱ። ማን አስረጃቸው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ እንዳልተረጎም ልጠንቀቅ። ዶሮ ማነቂያ ገነት አልነበረም። አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ጣራ፣ ግድግዳውን ያጠቆረ ጢስ፤ ይህን የኖረበት ያውቀዋል። «ለምን ፈረሰ?» የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው። የዛሬው ጥያቄዬ፣ «ሳይመዘገብ ለምን ፈረሰ?» የሚል ነው።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ እዚያው ፒያሳ ላይ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ሄጄም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ስንቅ አዘጋጅተው፣ ዕቃ ተሸክመው ወደ ዐድዋ የዘመቱት ሴቶች የልጅ ልጆች የሚኖሩት በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ነው። የነገሥታቱን ጋሻና ዘውድ የሚጠብቅልን ሙዚየም አለ። የእነርሱን ጀበና፣ የእነርሱን የቤት ቁጥር ማን ይጠብቅልን? መንግሥታት ሲቀያየሩ የመንገድ ስምና ሐውልት መቀያየሩን ለምደነዋል። ሐውልት የሌለው ሰው ግን ያለው ማስረጃ በቤቱ የሚገለገልበት ዕቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ተራ ዕቃ ምረጡ። ከየት መጣ? ማን ሠራው? ከእርሱ በፊት ምን ነበር? በቤቱ ካሉት በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ጠይቁና ጻፉት። ሰፈራችሁ ገና ካልፈረሰ ደግሞ ፈጠን በሉ።

እናቴ የቤት ቁጥሩን በኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ልትመታው ፈልጋ ነበር፤ የውጪው በር የራሱ ቁጥር ስላለው ከለከልኋት። እርሷም ከውስጥ በኩል፣ ጀበናው ከሚቀመጥበት ረከቦት በላይ ሰቀለችው። እንግዳ መጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ባላት ቁጥር ቡናውን እየቀዳች ከመጀመሪያው ትጀምርለታለች። ባለፈው ሳምንት ሸክላ ሻጭዋ በራችን ላይ ሸክሟን ስታወርድ የነበረውንም ስትተርክ ሰማኋት፤ ነጠላውንም ሳትደብቅ።

ይቆየን።