የመንገደኛ ማደሪያ ታሪክ፤ ከባሌ ደጋ እስከ ሮማና ካይሮ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ መንገድ ሲሄድ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ ነው። ስንቁን አሰናድቶ ከተነሣ በኋላ ግን ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ይኸውም «ዛሬ የት አድራለሁ?» የሚል ነው። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የተጻፈው በየመጽሐፉ ሞልቷል፤ ስለ መንገደኛ ማደሪያ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ትምህርትም ሆነ ሃይማኖት ከአገር ወደ አገር የተሻገረው ብዙ ጊዜ በድኻ መንገደኛ እግር መሆኑን፣ ድኻውም ሊሄድ የቻለው በአቅሙ የሚያድርበት ቤት በማግኘቱ መሆኑን እንረዳለን። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ መጽሔት ላይ የማደሪያን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ ወደድሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለጸጋ ድንኳኑን አስጭኖ ይሄዳል። አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 ከበርበራ ተነሥቶ ወደ ሼኽ ሁሴን አገር በመጣ ጊዜ ግመሎችንና የታጠቁ ሰዎችን አስከትሎ ስለ ነበር ማደሪያ ፍለጋ የማንንም ደጅ ማንኳኳት አላስፈለገውም። ተማሪና ተሳላሚ ግን እንዲህ ያለ አቅም የላቸውም። ለእነርሱ ሦስት ነገሮች ያስፈልጓቸዋል፤ አንደኛ የሚያንኳኩት ደጅ፣ ሁለተኛ ማንነታቸው የሚታወቅበት ምልክት፣ ሦስተኛ እንግዳና ባለቤት ሁለቱም የሚጠብቁት ሥርዓት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናየው ታሪክ ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ላይ የቆመ ነው።

በአገራችን የቆየው ልማድ ይህ ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ፣ በእሳቱ አጠገብ ያሳድረዋል። እንግዳውም በበኩሉ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ በማግሥቱም መርቆ ይነሣል። የቆሎ ተማሪ ከጎንደር ወደ ጎጃም፣ ከጎጃም ወደ ሸዋ መምህር እየፈለገ ሲዘዋወር ከደበሎውና ከአኮፋዳው በቀር ይህ ነው የሚባል ጓዝ አልነበረውም፤ ደበሎው ልብሱም ምልክቱም ነበረ። የእስልምናን ትምህርት የሚማረው ደረሳም እንዲሁ ከሼኽ ወደ ሼኽ እየሄደ የመንደሩ ሰው በሚሰጠው ምግብ ይማር ነበር።

ይሁን እንጂ ማስተናገድ በውድ ሲሆን በረከት፣ በግድ ሲሆን ደግሞ ሸክም ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በጻፉት የጉዞ ታሪክ እንደምናገኘው፣ የንጉሥ እንግዳ በሚያልፍበት መንገድ ያለ መንደር ሁሉ ምግብና ተሸካሚ እንዲያቀርብ ይታዘዝ ነበር። እንግዳው ያለ ችግር ያድራል፤ ዕዳው ግን በገበሬው ላይ ይወድቃል። ሥርዓት ያስፈልጋል ያልንበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

በባሌ የማስተናገድ ልማድ ጎልቶ የታየው በድሬ ሼኽ ሁሴን መንገድ ላይ ነው። ሼኽ ሁሴን በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደ ነበሩ የሚነገርላቸው ታላቅ የእስልምና መምህር ናቸው። መቃብራቸው ከባሌ ደጋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በቆላው አገር ይገኛል። ለዚያራ የሚሄደው ሕዝብ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌላውም አገር ብዙ ቀን በእግሩ እየተጓዘ ይመጣል። በእጁ የሚይዘው በጫፉ ባላ የሆነ በትር «ኡሌ ሼኽ ሁሴን» ይባላል። ይህ በትር ምርኩዝ ብቻ አይደለም፤ በሩቅ ያየው ሁሉ ሰውዬው የሼኽ ሁሴን መንገደኛ መሆኑን ያውቅበታል። በመንገድ ያለውም ሰው እንዲህ ያለውን ተጓዥ ተቀብሎ ማብላትና ማሳደር በረከት አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ተጓዡም ምስጋናና ምርቃት በዜማ ያቀርባል። ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጭኮም ሳይበላሽ ብዙ ቀን ስለሚቆይ ለእንዲህ ያለው ጉዞ የተመቸ ስንቅ ነው። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ደጁም፣ ምልክቱም፣ ሥርዓቱም ተሟልተው ይገኛሉ።

አባቶቻችን ይህን ጥበብ ባሕር ማዶም ይዘውት ሄደዋል። ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ምእመናን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ይሄዱ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ወደ ኢጣልያ የመጡትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ የተጓዙበትን መንገድና ከቦታ ቦታ የሚፈጀውን የቀን ቍጥር ጽፎ አቈይቷል። ዛሬ መንገደኛ የጉዞ መጽሐፍ እንደሚገዛ ሁሉ፣ ያን ጊዜ መንገዱ የሚታወቀው ሄዶ ከተመለሰ ሰው አፍ ነበር። በኢየሩሳሌምም ከጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጋር በተያያዘው በዴር ሡልጣን ገዳም፣ ከቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ በተሠሩት ትንንሽ ክፍሎች የኢትዮጵያ መነኮሳት እስከ ዛሬ ይኖራሉ።

ከኢየሩሳሌም አልፈው ሮማ የደረሱም ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አራተኛ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚገኘውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን ሰጡ፤ አጠገቡ ያለው ቤትም የተሳላሚዎች ማደሪያ ሆነ። ይህ ትንሽ ቤት ያፈራው ፍሬ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን በዚያ ተቀምጠው ከጓደኞቻቸው ጋር የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። ከመቶ ዓመት በኋላም፣ በ1649፣ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ወጣት ጀርመናዊ ግዕዝ ለመማር ሮማ ሲመጣ የአማራ ሰው የሆኑትን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ሁለቱ ወዳጆች ሆነው በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ከተማ ሄዱ፤ ሉዶልፍም ከእርሳቸው የተማረውን መሠረት አድርጎ ብዙ ከደከመ በኋላ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አንድ ድኻ መነኵሴ በሮማ የሚያድርበት ቤት ባያገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆን ነበር? ዛሬ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ኮሌጅ በ1919 የተመሠረተው በዚያው በጥንቱ ቤት ነው።

እስላሞች ወንድሞቻችንም እንዲህ ያለ ቤት በካይሮ ነበራቸው። በታላቁ የአዝሃር መስጊድና ትምህርት ቤት ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች በየወገናቸው የሚያርፉበት «ሪዋቅ» የሚባል ክፍል ይሰጣቸው ነበር፤ የእለት እንጀራም ይታደላቸው ነበር። ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጡት የተሰጠው ክፍል የጀበርቲ ሪዋቅ ይባል ነበር። በ1753 ተወልዶ የግብፅን ታሪክ የጻፈው ታላቁ ደራሲ አብዱራሕማን አልጀበርቲ የዘር ሐረጉ ከዚሁ ወገን ነው፤ አባቶቹም የዚህ ሪዋቅ ኃላፊዎች ነበሩ። እንግዲህ በሮማና በካይሮ ሃይማኖቱ ቢለያይም ዘዴው አንድ ነበር፤ ቀድሞ የሄደው ቤት አበጅቶ ኋላ ለሚመጣው ያቈይለታል።

ለማደሪያ ገንዘብ መክፈል በአገራችን ሊለመድ የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ ሕዝቡ ምግብ በገንዘብ መግዛትን እንግዳ ነገር አድርጎ ስላየው፣ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው በልተው እየከፈሉ አለማምደውታል ይባላል። ከኢጣልያ ወረራ ወዲህ ደግሞ «አልቤርጎ» የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ ገብቶ በየከተማው ለሚገኘው ርካሽ ማደሪያ ስም ሆኗል። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ለጉዳይ የሚመጣው ሰው ዘመድ ካለው ከዘመዱ፣ ከሌለው በኪራይ አልጋ ያድር ነበር። ገንዘብ ሲመጣ ግን አንድ ችግር አብሮ መጣ፤ ቀድሞ «የመሸበት እንግዳ» ተብሎ ይገባ የነበረው ድኻ አሁን የአልጋ ዋጋ ከሌለው በሩ ይዘጋበታል።

ይህን ችግር ለተማሪዎች የፈታው አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው። ሪቻርድ ሺርማን በጀርመን አገር በአልቴና ከተማ ያስተምር ነበር። በ1909 ተማሪዎቹን በእግር ጉዞ እየመራ ሳለ ኃይለኛ ነጐድጓድና ዝናብ መጣባቸው፤ በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ተጠልለው ጭድ ላይ አደሩ። መምህሩም በዚያች ሌሊት «ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ጊዜ ባዶአቸውን ከሚቆሙ ለምን የተጓዥ ተማሪዎች ማደሪያ አይሆኑም?» ብሎ አሰበ። በራሱ ትምህርት ቤት ጀምሮ፣ በ1912 በአልቴና ግንብ ውስጥ ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ከፈተ። ሥራው ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቶ በ1932 የ11 አገሮች ወኪሎች በአምስተርዳም ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። ሆስቴል የሚባለው ማደሪያ በዓለም የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙዎች በአንድ ክፍል በተደራራቢ አልጋ ይተኛሉ፣ በጋራ ማድ ቤት ራሳቸው ያበስላሉ፣ ክፍሉንም ያጸዳሉ፤ ስለዚህ ዋጋው ይቀንሳል።

ዛሬ ከእኛ መካከል ለትምህርትም ሆነ አገር ለማየት ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ቢኖር የጥንቱን ሦስት ነገር ያስታውስ። ደጁን አስቀድሞ ይወቅ፤ ማደሪያው ከአውቶቡስ ወይም ከባቡር ጣቢያ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሌሊት ቢደርስ የሚከፍትለት ሰው መኖሩን፣ ለዕቃው ቍልፍ ያለው ሣጥን መኖሩን፣ ለሴቶች የተለየ ክፍል መኖሩን ይጠይቅ፤ ከዚያ ያደሩ ሰዎች የሰጡትንም አስተያየት ያንብብ። አባቶቻችን ከተመለሰ መንገደኛ አፍ ይሰሙ የነበረው ይኸው ነው። ምልክቱንም ይያዝ፤ አልጋ የያዘበት ማረጋገጫ ወረቀት እንደ ሼኽ ሁሴን በትር ማንነቱን ይናገርለታል። ብዙ የአውሮፓ አገሮችም ቪዛ ከመስጠታቸው በፊት የት እንደሚያድር ማስረጃ ይጠይቃሉ። ሥርዓቱንም ያንብብ፤ ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ የሚመለስለት እስከ መቼ እንደ ሆነ ሳያውቅ ሙሉ ክፍያ አይክፈል። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ሌሊቶች ብቻ ይዞ፣ ቤቱን በዓይኑ ካየ በኋላ መጨመር የብልህ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ተራራ እንመለስ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ተቋቋመ፤ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ፣ ቀይ ቀበሮ የሚታይበት የሳነቴ አምባ፣ የደጋ አጋዘን የሚሰማራበት የዲንሾ ሜዳ ሁሉ ከሮቤና ከጎባ ሩቅ አይደሉም። በጎባ የዋቢ ሸበሌ ሆቴል፣ በዲንሾ የፓርኩ ማረፊያ አለ፤ በፓርኩ ውስጥም እንደ ሶዶታና ራፉ ያሉ የድንኳን ቦታዎች አሉ። ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ ይህን ሁሉ ለማየት ባሕር ይሻገራል። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የሚመጣ ተማሪ ግን ሆቴል የሚከፍልበት ገንዘብ ስለሌለው ተራራውን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አይቶ ሊቀር ይችላል።

በበኩሌ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ትምህርት ቤታችን በክረምት ዕረፍት ባዶ የሚሆኑ ክፍሎች አሉት። በወላጆች፣ በመምህራንና በተማሪዎች ስምምነት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ከሌላ ክፍለ አገር በመምህራቸው መሪነት ለሚመጡ ተማሪዎች ማደሪያ ቢሆኑ ምን ይጐዳናል? ደጁ አለን። ምልክቱ ከትምህርት ቤታቸው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይሆናል። ሥርዓቱም ግልጽ ነው፤ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ያድራሉ፤ ፍራሽና ስንቅ ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ክፍሉን እንዳገኙት አጽድተው ይመልሳሉ። እኛም በተራችን ወደ እነርሱ አገር ስንሄድ ጎንደርን ወይም ሐረርን በዚሁ ዓይነት ማየት እንችላለን።

አባ ተስፋ ጽዮን በሮማ፣ የጀበርቲ ተማሪዎች በካይሮ ያደሩት ከእነርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ባቈዩላቸው ቤት ነው። የባሌም ሰው ባላ በትር የያዘውን መንገደኛ ስንት ዘመን ሲያሳድር ኖሯል። ይህ ወግ በእኛ ትውልድ እንዳይቋረጥ ለሚመጣው ተማሪ በሩን የምንከፍተው እኛ ነን።