የቤት ለቤት አገልግሎት ንግድ

የቤት ለቤት አገልግሎት ንግድ ሠራተኞችን ወደ ደንበኛ መኖሪያ ቤት በመላክ የፅዳት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ጥገና፣ የቀለም ቅብ፣ የሮቶ ተከላና የመሳሰሉትን ሥራዎች በክፍያ የሚያከናውን የንግድ ዘርፍ ነው። ከሱቅ ወይም ከጋራዥ የሚለየው ሥራው የሚሠራው አሠሪው በማያይበት ቦታ፣ በሰው ጓዳ ውስጥ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት የደንበኛ ግንኙነትና የሠራተኛ አስተዳደር በዚህ ዘርፍ እምብዛም አይነጣጠሉም።

የሠራተኞች መብት

በኢትዮጵያ ቤት የሚያፀዳ ሠራተኛ መብት ቀጣሪው ማን እንደሆነ ይወሰናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይሸፍንም። ስለዚህ ቤተሰብ በቀጥታ የቀጠራት የቤት ሠራተኛ ከአዋጁ ውጭ ስትሆን፣ የሚመለከታት በዋናነት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ያንኑ መጥረጊያ ይዛ ለትርፍ በሚሠራ ድርጅት ተቀጥራ ከቤት ቤት ብትዞር ግን አዋጁ ይጠብቃታል፦ የሥራ ሰዓቷ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አላት፤ የሙከራ ጊዜዋም ከ60 የሥራ ቀናት ማለፍ የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ ሊሰጣት ይገባል። ይህ ልዩነት በተግባር በቀላሉ የሚዘነጋ ነው።

ሠራተኛ የደንበኛ ዕቃ ሲሰብር የሚነሳው ጭቅጭቅም እዚህ ላይ ይወድቃል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ድርጅቱ ለደንበኛው ተጠያቂ ይሆናል። ሆኖም «ከደመወዝህ እቆርጣለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ቅነሳው የሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መሠረት ሊኖረው ይገባል። በማንኛውም ወር የሚቆረጠው ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። በተለምዶ ከአዲስ ሠራተኛ የሚጠየቀው ተያዥ (ዋስ) ይህን ሕግ አይተካም።

ከደንበኛ ጋር መነጋገር

ትእዛዝ ባብዛኛው በስልክ ይመጣል። ሰፈርን በቤት ቁጥር ሳይሆን በመናኸሪያ፣ በመስጊድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ማመላከት የተለመደ ስለሆነ ስልክ የሚቀበለው ሰው ምልክቱን፣ የብልሽቱን ዓይነትና የተስማሙበትን ዋጋ መጻፍ አለበት። ለዚህ መተግበሪያ የግድ አያስፈልግም፤ በየቀኑ የሚሞላ ደብተር ማንም ከማይከፍተው ሶፍትዌር ይሻላል።

ቀብድ መቀበል የተለመደ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ሠራተኛ ሳይኖር «ነገ እንመጣለን» ብሎ ቀብድ መቀበል ዕዳ ያስከትላል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቴሌብር ክፍያው መቼና ለማን እንደተላከ ስለሚመዘግብ ክርክርን ያቀልላል።

በወልቂጤና በቡታጅራ

ወልቂጤ በአዲስ አበባ–ጅማ መንገድ ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ቡታጅራ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ናት። በሁለቱም ከተሞች የዘርፉ ዋና ፈተና የሚመጣው በበዓል ሰሞን ነው። ለመስቀል (መስከረም 17)፣ በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ ለአረፋ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖረው ሰው ወደ አገሩ ይገባል። ከዚያ በፊት ቤት ይታደሳል፣ ይቀባል፣ ይፀዳል። ቀለም ቀቢውና ቧንቧ ሠራተኛው ግን የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ እነሱም በዓሉን ከዘመድ ጋር መዋል ይፈልጋሉ። በሕዝብ በዓል ቀን ማሠራት በአዋጁ የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ 2 እጥፍ ያስከፍላል፤ ገንዘቡ ቢኖርም ፈቃደኛ ሠራተኛ ላይገኝ ይችላል።

የሚያዋጣው መንገድ የመስቀልን ትእዛዝ ከነሐሴ ጀምሮ መመዝገብ፣ የሠራተኞችን ፈቃድ ቀድሞ በደብተሩ ላይ ማስፈር፣ ቀኑ ሲሞላም ለተረፈው ደንበኛ «ከበዓሉ በኋላ እንጂ አሁን አንደርስም» ብሎ በግልጽ መንገር ነው። አማርኛ ብቻ ሳይሆን ጉራጊኛ፣ በቡታጅራ በኩል ስልጤኛም የሚችል ሰው ስልኩ ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በተለይ አንቱታ ለሚገባቸው አዛውንት ደንበኞች።